ፋይሉ ተቀየረ፣ ቁጥሩስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የጻፋችሁልን ሰዎች ተመካክራችሁ ነው እንዴ? ከአረርቲም፣ ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም የመጣው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ የኤክሴል ፋይልን ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር፣ በተለይ ወደ ሲኤስቪ (ሠንጠረዡን በኮማ ለይቶ በተራ ጽሑፍ ወደሚያስቀምጠው ፋይል)። ስለ ስልክ ባትሪና ስለ ዋይፋይ የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሡን፣ የዛሬው ገጽ በሙሉ ለዚሁ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግባባ። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በእኛው ፊደል፣ እንደሚነበቡ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የምትመቱት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ክፍተት ያለበት ቦታ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ ያለበት ቦታ ሁለት ሰረዝ። እነዚህ ነገሮች ላይ ኮምፒውተር ምሕረት የለውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበራት ጋር የምሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ ከየማህበሩ የጤፍ ግዥ መመዝገቢያ በኤክሴል ይላክልኛል። አዲሱ የሒሳብ ፕሮግራም ደግሞ ሲኤስቪ ካልሆነ አልቀበልም ይላል። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ሴቭ አዝ እያልኩ ግማሽ ቀኔ ያልቃል። ባንድ ጊዜ የሚቀይር ነገር የለም ወይ? የምጠቀመው ዊንዶውስ ነው። (ከአረርቲ)

መልስ፦ አለ፤ ለዚያውም በነፃ። ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የኤክሴልና የወርድ ምትክ ሆኖ ነው፤ መስኮቱን ሳይከፍት በትዕዛዝ ብቻ መሥራት እንደሚችል ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ዊንዶውስ ላይም፣ ሊነክስ ላይም፣ ማክ ላይም ይሠራል።

መጀመሪያ ፋይሎቹን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡ። እዚያው ውስጥ አውት የሚል ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። ከዚያ የፎልደሩን አድራሻ የሚያሳየውን የላይኛውን መስመር ተጭናችሁ ሲኤምዲ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ላይ ቆሞ ይከፈታል። ለአንድ ፋይል ትዕዛዙ ይህ ነው፦

"ሲ:\ፕሮግራም ፋይልስ\ሊብሬኦፊስ\ፕሮግራም\ሶፊስ" --ሄድለስ --ኮንቨርት-ቱ ሲኤስቪ --አውትዲር አውት መጋቢት.ኤክስኤልኤስኤክስ

ሶፊስ ሊብሬኦፊስን በትዕዛዝ የምንጠራበት ስም ነው፤ ውስጡ ያለው ኤፍ ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው። መጨረሻው ላይ ዶት ኢኤክስኢ አትጨምሩ፤ ካልጨመራችሁ ዊንዶውስ ለጥቁሩ መስኮት የተሠራውን ያስነሳል፣ እሱ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ትእምርተ ጥቅሱን የከተትነው ፕሮግራም ፋይልስ የሚለው መሐል ላይ ክፍተት ስላለ ነው። ሄድለስ ማለት «መስኮት ሳትከፍት ሥራ» ማለት ነው። አውትዲር የሚለው ደግሞ ውጤቱ የት እንደሚቀመጥ ይናገራል።

ለሁሉም ፋይል ባንድ ጊዜ ከሆነ፦

ፎር %ኤፍ ኢን (*.ኤክስኤልኤስኤክስ) ዱ "ሲ:\ፕሮግራም ፋይልስ\ሊብሬኦፊስ\ፕሮግራም\ሶፊስ" --ሄድለስ --ኮንቨርት-ቱ ሲኤስቪ --አውትዲር አውት "%ኤፍ"

ኢንተር በሉና ቡናችሁን ጠጡ። ይህን መስመር ኖትፓድ ላይ ጽፋችሁ ባት በሚል ቅጥያ ብታስቀምጡት በየወሩ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ብቻ ይሆናል። እንዲያ ስታደርጉ ግን እያንዳንዷ የፐርሰንት ምልክት ሁለት ሁለት ትሁን፤ አለበለዚያ አይሠራም።

አሁን ወደሚያናድዱት ነገሮች።

የመጀመሪያው፣ ሊብሬኦፊስ ራሱ በመስኮት ተከፍቶ ከሆነ ትዕዛዙ ምንም ሳይል፣ ምንም ሳይሠራ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ስህተት እንኳ አይጽፍም። አውት ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት መጀመሪያ የተከፈተ ሊብሬኦፊስ ካለ ዝጉና ድገሙት።

ሁለተኛው፣ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፋይሎች ካሉ፣ ለምሳሌ አንዱ መጋቢት በድሮው ኤክስኤልኤስ፣ ሌላው መጋቢት በአዲሱ ኤክስኤልኤስኤክስ፣ ሁለቱም መጋቢት.ሲኤስቪ ነው የሚሆኑት። ኋላ የመጣው በፊተኛው ላይ ይጻፍበታል፤ «ልጻፍበት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ሲኤስቪ ማለት ተራ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ረድፍ አንድ መስመር፣ በመሐል ኮማ። ሺት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ መመዝገቢያችሁ ለየቀበሌው የተለያየ ሺት ካለው በላይኛው ትዕዛዝ የሚወጣው የመጀመሪያው ሺት ብቻ ነው። ሌሎቹ ፋይሉ ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ፣ እናንተም ሁሉም የወጣ መስሏችሁ ወደ ፕሮግራሙ ትጭናላችሁ። ይኼ የወር ሒሳብ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለሒሳብ ሠራተኛ አልነግርም።

ከሊብሬኦፊስ 7.2 ጀምሮ መፍትሔ አለው። ኮንቨርት-ቱ ከሚለው ቀጥሎ ሲኤስቪ ብቻ በማለት ፈንታ ይህን ረጅም ነገር አስገቡ፦

"ሲኤስቪ:ቴክስት - ቲኤክስቲ - ሲኤስቪ (ስታርካልክ):44,34,76,1,,0,ፎልስ,ትሩ,ፎልስ,ፎልስ,ፎልስ,-1"

አስቀያሚ ነው፣ አውቃለሁ። 44 ኮማ ነው፣ 34 ትእምርተ ጥቅስ ነው፣ 76 ደግሞ ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የፊደል አቀማመጥ ማለት ነው፤ ለአማርኛ የግድ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው -1 «ሁሉንም ሺት አውጣ» ትላለች፤ እያንዳንዱ ሺት በፋይሉ ስም ላይ የራሱ ስም ተጨምሮበት ለብቻው ይወጣል። በ-1 ምትክ 3 ብትሉ ሦስተኛውን ሺት ብቻ ይሰጣችኋል።

እዚያ መሐል ከትሩ ቀጥላ ያለችውን ፎልስ ደግሞ አትለፏት። እሷ ትሩ ብትሆን «ሴሉ ላይ እንደሚታየው አውጣ» ማለት ነው። አንድ ሴል ውስጥ 8,437.268 ብር ቢኖርና ኤክሴሉ 8,437 ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ቢሆን ያኔ ሲኤስቪው ውስጥ የሚገባው የሚታየው ነው። ሳንቲሙ ቀረ። ሒሳብ ከሆነ ፎልስ እንዳለች ተዋት፣ ትክክለኛው ቁጥር ይወጣል።

ቀመሮችም አይሻገሩም፤ የሚሻገረው ውጤታቸው ነው። ቀለም፣ ድንበር፣ የተጋደሙ ርዕሶች ሁሉ ይቀራሉ። «የመጋቢት ወር የጤፍ ግዥ» ብላችሁ አምስት ሴል አዋሕዳችሁ የጻፋችሁት ርዕስ የመጀመሪያው ሴል ላይ ብቻ ይሆንና አራቱ ባዶ ይሆናሉ። የሚቀበለው ፕሮግራም የመጀመሪያውን ረድፍ የዓምድ ስም አድርጎ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ግራ ይጋባል። ማህበራቱ ርዕሱን ከሠንጠረዡ ላይ እንዲያነሱት ንገሯቸው። ከቴክኖሎጂው ይልቅ የሚከብደው ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ሲያልቅ መቁጠር አይቅር። ዊንዶውስ ላይ ፋይንድ /ሲ /ቪ "" ብላችሁ የፋይሉን ስም ብታስከትሉ የመስመሩን ብዛት ይነግራችኋል። ከኤክሴሉ ረድፍ ጋር አስተያዩት። ከበለጠ አትደንግጡ፣ አንዱ ሴል ውስጥ ኦልት ኢንተር መትቶ ሁለት መስመር የጻፈ ሰው አለ ማለት ነው። ካነሰ ግን ደንግጡ።

ጥያቄ፦ አንድ ፋይል ብቻ ነው ያለኝ። ይህን ሁሉ መማር አለብኝ? (ከደነባ)

መልስ፦ የለብህም። ክፈተው፣ ሴቭ አዝ በል፣ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጥ፣ ጨርሰሃል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የተጠቃሚዎች ዝርዝር መዝግበን ነበር፤ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር አለው። ወደ ሲኤስቪ ቀይሬ ስከፍተው የስልኩ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ የለም። የባንኩ ቁጥር 1.00E+12 የሚባል ነገር ሆኗል። የፋይዳው ደግሞ ሁሉም መጨረሻው ዜሮ ነው! መቀየሪያው ፕሮግራም ነው ያበላሸብኝ? ሰዎቹ ገንዘብ የሚላክላቸው በዚህ ነው፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፤ ግን እስካሁን ሴቭ ካላልሽ አትበይ። ሦስቱ ችግሮች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ ሲኤስቪውን በኤክሴል ሳይሆን በኖትፓድ ክፈቺው። ዜሮው እዚያ ካለ ፋይሉ ደህና ነው። የበላው ኤክሴል ነው፣ ሲከፍተው። ኤክሴል ሲኤስቪ ሲከፍት ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል፤ 0911 የሚጀምር ስልክ ለእሱ ዘጠኝ መቶ ምናምን ሚሊዮን ነው። ኤክሴል ውስጥ እንደዚያ ከፍተሽ መልሰሽ ካስቀመጥሽው ግን ዜሮው በእውነት ይሄዳል። ሲኤስቪን በኤክሴል «ልየው ብቻ» ብሎ ከፍቶ፣ ሲዘጋ «ላስቀምጥ ወይ?» ሲለው አዎ የሚል ሰው ስንት ነው!

የባንኩ ቁጥር 13 አሃዝ ነው። ኤክሴል ቁጥሩን በውስጡ ሙሉውን ይዞታል፣ የሚያሳይሽ ግን አሳጥሮ ነው። እዚያው ኤክሴሉ ላይ ከሆነ ዓምዱን መርጠሽ የቁጥር ዓይነቱን ያለ ነጥብ ወደ ነምበር ብትቀይሪው ይመለሳል። በዚያ አጭር መልክ እንዳለ ወደ ሲኤስቪ ከወጣ ግን የመጨረሻዎቹ አሃዞች የሉም፤ ለአረርቲው ጠያቂ እንደነገርኩት «እንደሚታየው አውጣ» የምትለዋ ነገር እዚህም አለች። ከዋናው ኤክሴል እንደገና አውጪው።

የፋይዳው የባሰ ነው። ያ ቁጥር 16 አሃዝ ነው። ኤክሴል ደግሞ አንድን ቁጥር በትክክል የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በዜሮ ይሞላዋል። ስለዚህ ያ ዜሮ የመጣው ስትቀይሪው አይደለም፣ ገና መዝጋቢው ቁጥሩን ሲጽፍና ኢንተር ሲል ነው። የጠፋችውን አንዲት አሃዝ የሚመልስ ትዕዛዝ የለም። ወደ ወረቀቱ ወይም ወደ ካርዱ ተመልሶ እንደገና መጻፍ ነው ያለው። ይህን ስነግርሽ ደስ እያለኝ አይደለም።

ለወደፊቱ ማንም ሰው አንዲት ቁጥር ከመጻፉ በፊት የስልኩን፣ የባንኩንና የፋይዳውን ዓምድ መርጣችሁ ፎርማቱን ቴክስት አድርጉት። በፊት ነው፣ በኋላ አይሆንም። የማንደምረውና የማንቀንሰው ነገር ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው።

ሲኤስቪውን መልሰሽ ኤክሴል አድርገሽ ለሌላ ቢሮ የምትልኪ ከሆነ ደግሞ የትኛው ዓምድ ጽሑፍ እንደሆነ ለሊብሬኦፊስ አስቀድመሽ መንገር ትችያለሽ። ስልኩ ሁለተኛ፣ ባንኩ ሦስተኛ፣ ፋይዳው አራተኛ ዓምድ ቢሆን፦

ሶፊስ --ሄድለስ --ኢንፊልተር="ሲኤስቪ:44,34,76,1,2/2/3/2/4/2" --ኮንቨርት-ቱ ኤክስኤልኤስኤክስ ዝርዝር.ሲኤስቪ

ጥንድ ጥንድ አድርገሽ አንብቢው። 2/2 ማለት ሁለተኛው ዓምድ ጽሑፍ ነው፣ 3/2 ሦስተኛው ዓምድ ጽሑፍ ነው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሶፊስ ብቻ ብዬ የጻፍኩት ለማሳጠር ነው፤ አንቺ ከላይ ባለው ሙሉ አድራሻው ጥሪው።

ብቻችሁን አይደላችሁም። የዓለም የዘረመል ሳይንቲስቶች ኤክሴል የዘረመል ስሞችን ቀን እያደረገ ቢያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ስሞቹን ራሳቸውን ቀየሩ። ማርች1 የሚባለው ዘረመል ማርችኤፍ1 ሆነ። ኤክሴልን ከማስለመድ ስም መቀየር ቀሏቸው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፋይል ጫኑና እንቀይርላችሁ የሚሉ ድረ ገጾች አሉ። እነሱስ ምን አላቸው? ጥቁር መስኮት ምን አደከመኝ? (ከእነዋሪ)

መልስ፦ የእርስዎ የግል የወጪ መዝገብ ከሆነ ይጠቀሙባቸው፣ ምንም አልልም። ከላይ የጠየቀችን እህት የያዘችው ዓይነት ዝርዝር ግን፣ የሰው ስም፣ ስልክ፣ ባንክና ፋይዳ ያለበት፣ ማን እንደሆነ በማይታወቅ ሰው ኮምፒውተር ላይ መጫን የለበትም። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግም አለ። በዚያ ላይ ሶፊስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ የለም ተብሎ ሥራ አይቆምም።

ጥያቄ፦ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው የምሠራው። ደንበኞች የስም ዝርዝር ያመጡና ቀይሪልን ይሉኛል። አንዳንዱ አማርኛ ስቀይረው የማይነበብ የፈረንጅ ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል፣ አንዳንዱ ደህና ነው። ተመሳሳይ ፕሮግራም፣ ተመሳሳይ ኮምፒውተር! ደንበኛው ደግሞ እኔን ነው የሚቆጣው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልዩነቱ ፋይሉ ውስጥ ነው፣ አንቺ ጋ አይደለም። ሁለት ዓይነት በሽታ አለ፤ አንዱ በደቂቃ ይድናል፣ ሌላው አያድርስ ነው።

ቀላሉ ይህ ነው። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት አንድ ላይ የያዘው የኮምፒውተር መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ ዛሬ በስልክም በኮምፒውተርም የምንጽፈው በእሱ ነው። ሲኤስቪ ውስጥ ሲቀመጥ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ኤክሴል ፋይሉን ሲከፍተው ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚነግረው ምልክት መጀመሪያው ላይ ካላገኘ በድሮው የፈረንጅ አነባበብ ያነበዋል፤ ሦስቱ ባይት ሦስት የተለያዩ ፊደላት መስለው ይታያሉ። ስለዚህ «ከበደ» የሚለው ስም ዘጠኝ ቁርጥራጭ ይሆናል። ዝባዝንኬው ከስሙ በሦስት እጥፍ ከረዘመ በሽታው ይኸ ነው። ኖትፓድ ላይ ከፍተሽ አማርኛው በትክክል ከታየሽ፣ እዚያው ሴቭ አዝ በይና ኢንኮዲንግ ከሚለው ላይ ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቢኦኤም የሚለውን ምረጪ። ኤክሴል ያነበዋል።

ሁለተኛው የቆዩ ፋይሎች በሽታ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግእዝ ፎንቶች፣ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝን የመሳሰሉት፣ ፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጡት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ነበር። አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ በላዩ ላይ ስለሚሥለው ነው። ሲኤስቪ ደግሞ ፎንት የሚባል ነገር አይዝም። ፎንቱ ሲወልቅ ውስጡ ያለው እርቃኑን ይታያል። ሶፊስም ሆነ ሌላው መቀየሪያ ያየውን ነው የጻፈው፣ አላበላሸም።

ለማወቅ ኤክሴሉ ላይ አንዱን ስም ምረጪና ፎንቱን ኤሪያል አድርጊው። አማርኛነቱ ከቀረ የድሮ ነው። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው።

የድሮ ከሆነ ከሲኤስቪው በፊት ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለዚያው ፎንት የተሠራ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ፎንቶቹ የየራሳቸው የፊደል ሠንጠረዥ ነበራቸው፣ የአንዱ መቀየሪያ ለሌላው አይሆንም። ከቀየርሽ በኋላም በዓይን አንብቢው። ስለዚህ ለደንበኛው ከመጀመሪያው ኤሪያል ፈተናውን አሳዪውና ዋጋ ቁረጪ፤ ሥራው የአንድ ደቂቃ ሳይሆን የግማሽ ቀን ነው። ቁጣውም ከዋጋው ጋር አብሮ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ የማሾ መጋዘን መዝገብ ነው የምይዘው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ቀን/ወር/ዓመት። ሲኤስቪ ሳደርገው አንዳንዱ ቀን እንዳለ ይወጣል፣ አንዳንዱ ይገለበጣል። ጳጉሜን ላይ የገባው ደግሞ ሰኔ ሆኖ አገኘሁት። ዕድሜዬም ገፍቷል፣ ዓይኔ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ዓይንዎ ደህና ነው አባቴ። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ እንዳላወቀም አይናገርም።

ኤክሴል ቀን የሚመስል ነገር ሲያይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተርጉሞ በውስጡ ወደ ተራ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የአሜሪካ ቅንብር ላይ ካለ ደግሞ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ስለሚያስቀድሙ እንደዚያው ያነባል። ስለዚህ እርስዎ ጥር 10 ቀን 2016 ለማለት 10/5/2016 ሲጽፉ እሱ የፈረንጆቹን ኦክቶበር 5 ቀን ያደርገዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብለው ሲጽፉ ደግሞ ሠላሳኛ ወር የሚባል ስለሌለ አልገባውም፣ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። «አንዳንዱ እንዳለ፣ አንዳንዱ ተገልብጦ» ያሉት ይኼው ነው። ኤክሴሉ ላይ ይመልከቱት፤ በቀኝ በኩል የተጠጉት ቀን ያደረጋቸው ናቸው፣ በግራ የተጠጉት ደግሞ ጽሑፍ ሆነው የተረፉት።

ጳጉሜን ደግሞ ወጥመዱ ነው። 2015 ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነበር። 6/13/2015 ብለው ከጻፉ እሱ ስድስተኛው ወር፣ አሥራ ሦስተኛው ቀን ብሎ ጁን 13 ያደርገዋል። ፍጹም ትክክለኛ የሚመስል፣ ፍጹም ስህተት የሆነ ቀን። ሰኔ ሆኖ ያገኙት ለዚህ ነው።

እስካሁን የገባው እንዴት ይስተካከላል ቢሉ፣ በቀኝ የተጠጉትን ብቻ ለይቶ ወሩንና ቀኑን መልሶ ማገለባበጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከመጀመሪያው በዚያው ቅንብር ላይ የነበረ ከሆነ ይሠራል። መሐል ላይ ኮምፒውተር ተቀይሮ ከሆነ ግን የመጋዘኑን ደረሰኝ አውጥቶ ማስተያየት ነው የሚሻለው።

ከአሁን በኋላ ግን ሦስት ዓምድ ያድርጉት። ቀን አንድ ዓምድ፣ ወር አንድ ዓምድ፣ ዓመት አንድ ዓምድ። ወሩን በስሙ፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ብለው ይጻፉት። ቴክስት ማድረግም ይሠራል፤ ግን ፋይሉ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዞር አንዱ ጋ ሲደርስ መልሶ ቀን ሊያደርገው ይችላል። ሦስት ዓምድ የትም ቢሄድ አይነካም። ወጣቶቹ «ኋላ ቀር ነው» ቢሉዎት አይስሟቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ቢሮ ፋይሉን በድሮው ኤክስኤልኤስ ካልሆነ ኮምፒውተራችን አይከፍትም አለኝ። ሲኤስቪውን ቀየርኩት። 70 ሺህ ገደማ ረድፍ ነበረው፣ የመጨረሻዎቹ ሺዎች የሉም። የት ሄዱ? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ አልገቡም። የድሮው ኤክስኤልኤስ ከ65,536 ረድፍና ከ256 ዓምድ በላይ አይዝም። ከኦፊስ 2007 ጋር የመጣው ኤክስኤልኤስኤክስ ግን 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ላይ በዚሁ ተይዘዋል፤ የኮሮና ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ በሲኤስቪ እየመጣ በኤክስኤልኤስ ሲገለበጥ 15,841 የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ቀርተው ነበር። ከእነሱ ጋር የተነካኩ ሰዎችም በጊዜው አልተፈለጉም።

ስለዚህ ወይ ፋይሉን ለሁለት ከፍለህ ላክላቸው፣ ወይ ሊብሬኦፊስ እንዲጭኑ ንገራቸው። ሁለተኛው ይሻላል፣ ገንዘብም አያስወጣቸውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ሊነክስ ነው የምጠቀመው። ሶፊስ ለመነሳት ይዘገይብኛል። ኤስኤስኮንቨርት፣ ኢንቱሲኤስቪ፣ ፓንዳስ ሲሉ እሰማለሁ። የትኛው ይሻላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እንደ ሥራህ ነው። ኤስኤስኮንቨርት ኑሜሪክ ከሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ጋር ነው የሚመጣው፤ ኑሜሪክን ስትጭን አብሮ ይገባል። ቀላልና ፈጣን ነው፦

ኤስኤስኮንቨርት -ኤስ መዝገብ.ኤክስኤልኤስኤክስ መዝገብ_%ኤስ.ሲኤስቪ

የመጀመሪያዋ ኤስ ትልቋ ናት፣ ሁሉንም ሺት ለየብቻው አውጣ ትላለች። ከፐርሰንቱ ቀጥሎ ያለችው ትንሿ ናት፣ የሺቱን ስም ታስገባለች። ያን የሶፊስ ረጅም ዝባዝንኬ ያስቀርልሃል። እኔ ሊነክስ ላይ ስሆን መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው።

ኢንቱሲኤስቪ ሲኤስቪኪት ከሚባለው ስብስብ ነው፤ በፓይተን ፒፕ ይጫናል። ስሙ ላይ ያለው ቱ ቁጥሩ 2 ነው፣ ፊደል አይደለም። በሰረዝ ትንሿን ኤን ብትሰጠው የሺቶቹን ስም ይዘረዝርልሃል፣ ለማየት ጥሩ ነው። ግን ዓምዶቹን እየገመተ ዓይነት ስለሚሰጣቸው ለስልክ ቁጥርና ለቀን ስትጠቀምበት ትልቋን አይ በሰረዝ ጨምርበት፣ መገመቱን ይተዋል።

ፓንዳስ የሚባለው የፓይተን መሣሪያ የሚያስፈልግህ መቀየር ብቻ ሳይሆን መሐል ላይ ማጽዳት፣ ማዋሐድ፣ መፈተሽ ካለብህ ነው። ስታነብ ዲታይፕ=ኤስቲአር፣ ሺት_ኔም=ነን በለው፤ ሁሉንም ሺት፣ ሁሉንም ነገር እንደ ጽሑፍ ይወስዳል። ስትጽፍ ደግሞ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ አድርገው፤ ከላይ ለጽሕፈት ቤቷ እህት ያልኳትን ምልክት መጀመሪያ ላይ እሱ ያስቀምጥልሃል።

ሶፊስንም ግን አትጣለው። ከድሮው ኤክስኤልኤስ እስከ ኦዲኤስ (የሊብሬኦፊስ የራሱ የሠንጠረዥ ፋይል) ድረስ ብዙ ዓይነት ፋይል ይከፍታል፤ ሌላው እምቢ ያለው ፋይል ሲመጣ ወደ እሱ ነው የምትመለሰው። ብዙ ትዕዛዝ ባንድ ጊዜ ማስሄድ ከፈለግህ ለእያንዳንዱ የተለየ የተጠቃሚ ፎልደር ስጠው፣ ካልሆነ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ፦

-ኢኤንቪ:ዩዘርኢንስታሌሽን=ፋይል:///ቲኤምፒ/አንድ

ለሁለተኛው መጨረሻው ላይ ሁለት በለው፣ እንዲሁ እያልክ ቀጥል። ፋይሉ የይለፍ ቃል ካለው ደግሞ በእነዚህ ትዕዛዞች አትልፋ፤ ባለቤቱን ጠይቀህ አስከፍተው።